ለአማቴ ቢላዋ የጠረብኩት ሰገባ

ካራ ወደሚገኘው የአማቴ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰገባ ላይ ነው። ከመድኃኔዓለም ሥዕል ዝቅ፣ ከቀን መቁጠሪያው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ከወይራ የተጠረበ፣ ከክንድ የሚረዝም፣ በአንድ ጎኑ በግ የተቀረጸበት ነው። በግ ነው ያልኩት የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ ነውና እመኑኝ፤ ሌላው ሰው የየራሱን እንስሳ ነው የሚጠራው። አንዱ ጉማሬ ብሏል። አንዲት የሩቅ አክስት ደግሞ ይቺ ድመት የማን ናት ብለው ጠይቀዋል። እንግዳው አይቶ ሲጨርስ አማቴ በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ እኔም ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

እኔ እንጨት ጠራቢ አይደለሁም። እርሳስ ስቀርጽ እንኳ ጫፉ እየተሰበረ፣ መጻፍ ሳልጀምር እርሳሱ የሚያልቅብኝ ሰው ነኝ። ሥራዬ ቢሮ ነው፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ይሉታል። ዋናው ሙያዬ ለሰው መጥፎ ዜና በጥሩ አማርኛ መንገር ነው። ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ሲኖር ወደ እኔ ይላካል። ወንበር ስቤ አስቀምጠዋለሁ፣ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ፣ ስለ ልጆቹ አነሣለሁ፣ ሰውዬው በመጨረሻ አመስግኖኝ ይወጣል። አንዳንዱ ንግግሬ በጣም ስለሚለሰልስበት ጡረታ መውጣቱ ሳይገባው በማግሥቱ ሥራ ይገባል።

ሚስቴ ሰናይትም ለአንድ ተልእኮ ያጨችኝ ይህንኑ ሙያዬን አይታ ነው። ጡረታ የሚወጡት የገዛ አባቷ ነበሩ።

አማቴ አቶ ተሰማ አንድ ትልቅ ቢላዋ አላቸው። ሰፈሩም ካራ፣ ቢላዋውም ካራ ነው፤ እንዳይምታታብን ቢላዋ እያልን እንቀጥል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ እጀታው ከቀንድ የተሠራ ነው። በጎልማሳነታቸው ቁጥቋጦ መንጥረውበታል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አውርደውበታል፣ የአጥር እንጨት ጠርበውበታል። ያ ሁሉ እርሻ አሁን ቤት ሆኗል። ለቢላዋው የቀረው ሥራ የዓመት በዓል በግ ማረድ ብቻ ነው።

በእነሱ ቤት ደግሞ የቤቱን በግ የሚያርደው የቤቱ አባወራ ነው። አራጅ ተጠራ ማለት አባወራው ሞቷል ወይ አገር ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጓዳውን ልጆቹ ያዙት፣ ገበያውን ልጆቹ ያዙት፣ የአማቴን መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውሰው እንኳ የሰናይት ስልክ ነው። በእጃቸው የቀረው ቢላዋው ብቻ ነበር።

እጃቸው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ባለፈው ገና ቢላዋው አዳልጧቸው የግራ አውራ ጣታቸውን ቆረጣቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ጠምጥመውበት፣ በጉ ተንፈራግጦ ነው አሉ። በጉ በዚያ ሰዓት ከመንፈራገጥ ዓለም ከተለየ ቆይቷል፤ ቆዳው እንኳ ተገፎ አልቋል። ሁላችንም ወደ በጉ በወቀሳ ዓይን ተመለከትን። የሰናይት ወንድም ዳዊት ብቻ ደፍሮ ለሚቀጥለው በዓል አራጅ ብንጠራስ አለ። ለዚህች አንድ ጥያቄ አባቱ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ሰላምታውን በራስ ንቅናቄ ብቻ ተቀበሉት።

እንግዲህ ሰናይት ፋሲካ ሳይደርስ ቢላዋውን ከአባቷ እጅ እንዳወጣ አዘዘችኝ። ክብራቸው ግን መነካት የለበትም። እጅህ ይንቀጠቀጣል አይባልም። አርጅተሃል አይባልም። ደክመሃል የሚለውም ክልክል ነው። ታዲያ የቀረልኝ ቃል የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃት፣ እሱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ደሞዝ የሚከፍሉህ ለምን መሰለህ አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ወደ ካራ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ንግግሬን ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስለማመድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የምጸልይ መስሏቸው አብረውኝ አሜን አሉ። አማቴን ግቢያቸው ውስጥ ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሽሮ በላን፣ ቆሎ ቆረጠምን፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ በልጉ ዝናብ አወራን። ቢሮ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሦስት ሰው ጡረታ አውጥቼ ነበር። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "አባባ፣ ያ ቢላዋዎ…" አልኩ።

ፊታቸው በራ። እኔም ላነሣብህ ነበር ብለው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ የተበጫጨቀ ቆዳ ይዘው ወጡ። የቢላዋው አሮጌ ሰገባ ነው፤ አይጥ በልቶታል። ቢላዋ ያለ ሰገባ ለልጆች አደጋ ነው፣ የዱሮው ቆዳ ሠሪ አርፏል፣ የዛሬ ሱቅ የስልክ ልብስ እንጂ የቢላዋ ልብስ አይሸጥም እያሉ አጫወቱኝ። ቆዳውን የያዘው እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ።

ለእኔ የተከፈተልኝ በር ያ ነበር። አባባ፣ ቢላዋውም ይረፍ፣ እርስዎም ይረፉ ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ቃል ግን "እኔ ከእንጨት እጠርብልዎታለሁ" የሚል ነው።

ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አማቴ ትንሽ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሡና ቢላዋውን ለልክ እንዲሆነኝ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አስታቀፉኝ። ለፋሲካ አድርሰው፣ አደራ አሉኝ።

ቢላዋ አቅፎ ታክሲ መሳፈርን ለማንም አልመክርም። ረዳቱ ምን እንደያዝኩ ሲጠይቀኝ የአማቴ ነው አልኩት። የማን ነው አላልኩም፣ ምንድን ነው ነው ያልኩህ አለኝ። በዚህ መሐል የከረጢቱ ጫፍ ተንሸራቶ ባሌስትራው በፀሐይ ብልጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው የለም። ጉልበት ለጉልበት ተፋትገን የምንቀመጥበትን የኋላ ወንበር ብቻዬን ተንፈላስሼበት ሄድኩ። ወራጅ አለ ስልም ታክሲው ከወትሮው ፈጥኖ ቆመልኝ። ቦታውም ፌርማታ አልነበረም።

መሪ ሰፈር ያለው ኮንዶሚኒየማችን ስደርስ ሰናይት ከረጢቱን አየችና አንገቴን አቀፈችኝ። እኔ እኮ ብያለሁ፣ ለዚህ ነው አንተን የላክሁህ እያለች ስታሞግሰኝ ቆይታ ታሪኩን ስነግራት ክንዷ ቀስ እያለ ከአንገቴ ወረደ።

"ቢላዋውን አስጥለው ብዬ ብልክህ ልብስ ልትሰፋለት ተስማምተህ መጣህ?" አለችኝ።

ቀጥላ መፍትሔ አመጣች። ቢላዋው በእጃችን ነው፤ ታክሲ ውስጥ ረሳሁት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ አለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሐሳቡ አማልሎኛል። ግን አደራ ብለውኛል። ደግሞም አማቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይደውሉ ጀመር። የእኔን ደህንነት በአንድ ቃል ያልፉና ወደ ቢላዋው ይሻገራሉ፤ እርጥበት አላገኘውም ወይ፣ ሕፃኑ ልጃችን የማይደርስበት ቦታ ነው ወይ፣ ሰገባውስ ተጀመረ ወይ። አደራ የተበላበት ሰው ድምፅ ምን እንደሚመስል አስቤ ሐሳቡን ተውኩት።

የቢሮ ባልደረቦቼን የትኛው እንጨት ይሻላል ብዬ ስጠይቅ ወይራ ነው ተባልኩ። ወይራ ደግሞ መሪ ውስጥ አይበቅልም፤ መሪ ውስጥ የሚበቅለው ፎቅ ነው። ስለዚህ በአንድ የጾም ቅዳሜ ቢላዋውን ለልክ ብዬ በጀርባ ቦርሳ ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ስለታም ነገር ይዤ ቤተ ክርስቲያን አልገባም ብዬ ራጉኤልን ከቅጥሩ ውጭ ተሳለምኩና ወደ ጫካው ቁልቁል ወረድኩ። ብዙም ሳልሄድ ዳገቱ ላይ የወደቀ፣ ደርቆ ቀለል ያለ የወይራ ቅርንጫፍ አገኘሁ። መልአኩ ሰምቶኛል አልኩ።

እንጨቱን ትከሻዬ ላይ ሳደርግ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። ካፖርት የለበሱ፣ ዱላ የያዙ አንድ ሸበቶ የደን ጠባቂ ቆመዋል። በምን ቆረጥከው አሉኝ። አልቆረጥኩም፣ ወድቆ ነው ያገኘሁት አልኩ። ቦርሳህ ውስጥ ምን አለ አሉኝ። ቢላዋ አልኩ።

እዚህ ላይ ቢላዋው ለልክ እንጂ ለቆረጣ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰገባ ልሠራለት ነው አልኩ። እስቲ ሰገባውን አሳየኝ አሉ። ገና አልተሠራም፣ የሚሠራው በዚህ እንጨት ነው አልኩ። በተናገርኩ ቁጥር ወንጀሉ እየጠራ ሄደ። ሰውዬው እንጨት፣ ቢላዋና ተጠርጣሪ በአንድ ቦታ ተሟልተው ሲያገኙ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ፊታቸው ላይ የሥራ ደስታ ይነበብ ነበር። ዋስ ጥራ ሲሉኝ አማቴ ጋ ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የስልኬን ካርድ እስኪበቃቸው በሉት። መጀመሪያ አገር ተጠያየቁ፣ ቀጥሎ ዘመድ ቆጠሩ፣ ከዚያ ስለ አይጥ ተነሣ። ጠባቂው ይሰማሉ፣ ያዩኛል፣ እንደገና ይሰማሉ። አንዴ ከት ብለው ሳቁ። ስልኩን ሲመልሱልኝ ሌላ ሰው ሆነዋል። ያነሣሁትን ደረቅ ቅርንጫፍ ከትከሻዬ አውርደው ወደ ቁጥቋጦው ወረወሩት። ነፋስ በቅርቡ የገነደሰው አንድ ወይራ ከመንገድ ተነሥቶ፣ ተቆራርጦ ተከምሮ ነበር፤ ከዚያ ላይ ገና ውኃው ያልጠፋለት ወፍራም ጉማጅ መርጠው አሸከሙኝ።

"አባትህ እርጥቡን ይውሰድ ብለዋል" አሉኝ። "ለጀማሪ እጅ ይለሰልስለታል ብለዋል።"

ምስጋናዬን አብዝቼ ወረድኩ። ደረቁ ቅርንጫፍ ከሕፃን ልጄ ይቀል ነበር፤ እርጥቡ ግን እኔን ያህላል። ቁልቁለቱን ስወርድ እኔ እንጨቱን ተሸክሜ ይሁን እንጨቱ እኔን እየነዳኝ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

ከዚያ ጥረባው መጣ። መሮ፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ኮላ ገዛሁ። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጀምር የመጀመሪያው መዶሻ ሳያርፍ ከበታችን ፎቅ ያሉት ጎረቤት ወጡ። ለስሞታ ነበር የመጡት። ሰገባ መሆኑን ሲሰሙ ግን ቁጣቸውን ረስተው መሮውን ከእጄ ተቀበሉኝና አያያዙን ያሳዩኝ ጀመር። ቀጥሎ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ለጫጫታው ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ መጣ፤ እሱም እንጨቱን አንዱን ጫፍ ይዞልኝ አመሸ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤት ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል ይባላል። አይደለም፤ የማትችለውን ሥራ በረንዳህ ላይ ጀምር፣ ሁሉም ይመጣል።

የመጀመሪያው ሰገባ ለሁለት ተሰነጠቀና ማማሰያ ሆነ። ሰናይት እስከ ዛሬ ሽሮ ታማስልበታለች፣ በቤቱ ካሉት ሁሉ ጥሩ ማማሰያ ነው ትላለች፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ አልለየሁትም። ሁለተኛው ተጣመመና የበር ማስደገፊያ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ለሁለት ከፍዬ፣ የየግማሹን ሆድ ቦርቡሬ፣ በኮላ አጣብቄ፣ በገመድ ጠፍሬ አሳደርኩት። ጠዋት ቢላዋውን ስከተው ልክክ ብሎ ገባ፣ ስስበው ሽው ብሎ ወጣ። አስገባሁ፣ አወጣሁ፣ አስገባሁ፣ አወጣሁ። ሰናይት ልጁን ይዛ ሌላ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

የዚያኑ ሳምንት ወስጄ ለአማቴ አሳየኋቸው። ተቀበሉኝ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ቢላዋውን ስበው አወጡ፣ መለሱ። የቀረጽኩበትን በግ በጣታቸው እየዳሰሱ ፈረሱ ቆንጆ ነው አሉ። እርማት አልሰጠሁም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀረዋል ብለው ምክር ለገሡኝ፤ ቢላዋውን እውስጡ እንዳለ በረንዳ ላይ ፀሐይ አውለው፣ እስከ ፋሲካ ድረስ እንዳታወጣው፣ ሰገባ ቢላዋውን መልመድ አለበት።

እኔም የአባቶችን ጥበብ በማክበር እንዳሉኝ አደረግሁ። ጠዋት በዚህ ጎኑ፣ ከሰዓት በዚያ ጎኑ እያገላበጥኩ እንደ በርበሬ አሰጣሁት። ከቢሮ እየደወልኩ ፀሐይ አለ ወይ ብዬ ሰናይትን እጠይቃት ነበር። እሷ በበኩሏ ጭንቀቷ ሌላ ነው። ፋሲካ እየቀረበ ነው፤ አባቷ አዲስ ሰገባ ሲያዩ ወጣትነታቸው ተመልሶ ቢላዋውን ጭራሽ ላይለቁት ነው፤ ጣታቸው ዘንድሮ ቢተርፍ ለከርሞ አይተርፍም። ይህ ሁሉ ደግሞ የማን ጥፋት እንደሆነ በየማታው ታስታውሰኝ ነበር።

የፋሲካ ጠዋት ካራ ተሰበሰብን። በጉ አጥሩ ሥር ታስሯል፤ ለቤቱ ከተጎዘጎዘው ቄጤማ ላይ ማን እንደሰጠው እንጃ አንድ እቅፍ እያመነዠከ ነው። አማቴ ከቅዳሴ መልስ ትንሽ አረፍ ብለው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው ወጡ። ሰናይት የአባቷን እጅ እያየች የኔን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ዳዊት ማንም ሳያዝዘው ፋሻና አልኮል ኪሱ ውስጥ ይዞ ቆሟል። ሁላችንም ስለ አንድ ነገር ብቻ እናስባለን።

አማቴ ወደ ምሥራቅ ዞረው በስመ አብ አሉ። ሰገባውን በግራ፣ እጀታውን በቀኝ ያዙና ሳቡ።

አልወጣም።

ደግመው ሳቡ፤ እህ የሚል ድምፅም አሰሙ። አልነቃነቅ አለ። ወደ እኔ ዞረው ሰጡኝ። እኔ ሳብኩት፣ ጥርሴን ነክሼ ሳብኩት፣ እጀታውን ይዤ ሰገባውን በሁለት እግሬ መሐል አጣብቄ ሳብኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔ ግን ቆመንም አልፈታ አለ። ዳዊት ሰገባውን፣ እኔ እጀታውን ይዘን ገመድ ጉተታ ጀመርን። አንድ፣ ሁለት ብለን ሦስት ላይ እጄ ተሟልጮ የበጉ ቁርስ ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ። በጉ ትንሽ ፈቀቅ አለልኝ።

ዘይት አፈሰስንበት። የሁለታችንንም እጅ አዳለጠ እንጂ ለእሱ ምንም አላደረገለት። አንዲት ጎረቤት ፍል ውኃ አሉ፤ አፈሰስን፣ ይባስ አበጠና ጠበቀ። ዳዊት መጥረቢያ ይምጣና እንፍለጠው አለ።

"በፋሲካ ቀን የአማቼን ልፋት በመጥረቢያ አላስፈልጥም" አሉ አማቴ።

ዳዊት ሌላ መፍትሔ ሊናገር አፉን ከፍቶ ዘጋው። አራጅ ሊል እንደነበር ሁላችንም ገብቶናል። አማቴ ሰገባውን ከእጄ ተቀብለው ክንዳቸው ላይ አጋደሙት፣ ረጅም ተነፈሱ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፤ አጥር ማዶ ያለው ጎረቤት እንኳ ሰምቷል።

"ቢላዋዬ ታስሯል። እኔ በሰው ቢላዋ አርጄ አላውቅም። ያሰረው ይረድ።"

ያሰረው እኔ ነኝ። በሕይወቴ ትንኝ ስገድል እንኳ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው፣ የወጥ ቤት ቢላዋ አስይዘውኝ በጉ ፊት አቆሙኝ። ጡረታ በማስወጣት የታወቀው ምላሴ ደረቀ። ዳዊት በጉን ያዘልኝ። አማቴ ከኋላዬ መጥተው በአንድ እጃቸው ትከሻዬን ያዙና እንዲህ ቁም፣ እንዲህ ያዝ፣ አታመንታ፣ ማመንታት ለእሱም ሥቃይ ነው እያሉ በጆሮዬ ይነግሩኝ ጀመር። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ስለምንቀጠቀጥ የማን የማን እንደሆነ አይታወቅም ነበር። በስመ አብ አልኩ፣ አደረግሁት። ፈጥኖም አለቀ።

ከዚያ አማቴ በርጩማ አስመጡና ተቀመጡ። ሰገባውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ቆዳው በዚህ ይገፈፍ፣ ጉበቱ እንዳይበላሽ፣ ያ ለምንቸቱ ይሁን እያሉ ሲያዝዙ ዋሉ። ከገና ይልቅ ያን ቀን አባወራ መሰሉኝ። ሰናይት ደግሞ የአባቷን አሥር ጣቶች ከሩቅ ደጋግማ ስትቆጥር አየኋት።

ከምሳ በኋላ ግን ደስታው ለእኔ አልዋጥልህ አለኝ። የሰውን የዕድሜ ልክ ቢላዋ በድንቁርና ቆልፌያለሁ። ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩና በረንዳ ላይ ለብቻቸው ፀሐይ ወደሚሞቁት አማቴ ሄድኩ። ሰገባው አሁንም ጭናቸው ላይ ነው።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንጨቱ እርጥብ ነበር፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ነው። ልክፈተው።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ምኑን እንደሚያውቁ አልገባኝም።

"እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚጠብቅ። አንተ ነህ ያላወቅኸው" አሉኝ። "ደረቁን ማን አስጣለህ? ፀሐይ ላይ አውለው ያለህስ ማን ነው?"

መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ቀኝ እጃቸውን ከሰገባው ላይ አንሥተው ፊቴ ዘረጉት። ይንቀጠቀጣል። ሳይደብቁ፣ እስከምጠግብ አሳዩኝና መልሰው ሰገባው ላይ አሳረፉት።

"የዚያን ቀን ምን ልትለኝ እንደመጣህ ገብቶኛል። አንተ ማለት አቃተህ። እኔም ማለት አቃተኝ። እንጨቱ ይበልልን አልኩ።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጢስ ነው እንዳልል እሳት የለም። አማቴ ወደ ጎመናቸው እያዩ፣ ለልጆቼ እንዳትነግር፣ ጥፋቱ ያንተ ሆኖ ይቆይ አሉኝ። ይቆይ አልኩ።

ቃሌን የሰጠሁት ዋጋውን ሳላሰላ ነው። ወደ መሪ ስንመለስ ሰናይት መንገዱን ሙሉ ትስቅ ነበር። ስንትና ስንት የተማከርንበትን ነገር ያንተ ስንፍና ፈታው፣ እጀ ሰባራነትህ አንድ ቀን ይጠቅማል ብዬ አላሰብኩም ነበር አለችኝ። ዳዊት ለዘመድ ሁሉ አወራ። አሁን በቤተሰቡ ውስጥ መሳቢያ አልከፈት ካለ፣ የጠርሙስ ክዳን ከጠበቀ፣ ማን ነው የሠራው ተብሎ ወደ እኔ ይታያል። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። በቢሮዬ ብዙ ሰው ጡረታ አስወጥቻለሁ፤ ሁሉም ውስጡ እንደሚያዝንብኝ አውቃለሁ። የራሱን እንጨት መርጦ፣ የራሱን በር ቆልፎ፣ ቁልፉን ሌላ ሰው አጠፋው ብሎ በክብር የወጣ ግን አማቴን ብቻ ነው ያየሁት።

ለልጆቼ እንዳትነግር ብለውህ አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ቃሌን አላፈረስኩም። ዳዊት ከስፖርት ዜና አልፎ አያነብም። ሰናይት ደግሞ የባሏን ጽሑፍ አንብባ አታውቅም፤ እቤት የምሰማው ይበቃኛል ትላለች።

በቀደም ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አማቴ ደወሉ። ከበስተኋላቸው የጎረቤት ድምፅ ይሰማል፤ ለዚህ ይሆናል ጮክ ብለው የተናገሩት። እንደምን ሰነበትክ ሳይሉኝ፣ "ቢላዋዬ አሁንም እንደታሰረ ነው" አሉ። "ያንተን ስለህ ና።"